ከባሕር የማይሻገር ፔሶ

ኩሊዮን ደሴት፣ ፌብሯሪ 17 ቀን 1980 እ.ኤ.አ.

ወንድሜ ዱሎ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ቄሱ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ስሜን ጠርተው ሲሰጡኝ የሌላ ሰው መስሎኝ "እስቲ ደግመው ያንብቡት" አልኳቸው። በዚህ ደሴት ደብዳቤ የሚመጣላቸው ሰዎች ይታወቃሉ፤ እኔ ከእነሱ አንዷ አልነበርኩም። ሰላምታህን በሁለት እጄ ተቀብያለሁ። ለሚስትህና ለልጆችህም ሰላምታዬን አድርስልኝ ልልህ ነበር፤ ግን ስለ እኔ ምን እንደሚያውቁ ስለማላውቅ ላንተው ትቼዋለሁ።

ጽሕፈቴ እንዲህ ስለተንጋደደ ይቅር በለኝ። በቀኝ እጄ የቀሩኝ ሁለት ጣቶች ናቸው። ብዕሩን በጨርቅ ጠቅልዬ በመሃላቸው እሰካዋለሁ። ጽፌ አርፋለሁ፣ አርፌ እጽፋለሁ።

ለጠየቅከኝ መልሱ ይኸው። አዎ፣ በሕይወት አለሁ። አዎ፣ ከሥጋ ደዌው ድኛለሁ፤ ከዳንኩ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ወደ ማንም አይጋባም፤ ይህን ወረቀት ይዘህ እጅህን ባትታጠብም ምንም አትሆንም። የዳንኩ ጊዜ ለአባታችን "ልምጣ ወይ?" ብዬ ጽፌለት ነበር። "ትንሽ ቆዪ" አለኝ። ይኸው ቆይቻለሁ።

እናታችን በ1962 እንዳረፈች በአንድ መስመር ነገርከኝ። መስመሩን አልፌው ሄጄ ነበር፤ ኋላ ነው የተመለስኩበት። እንግዲህ በየገናው ሻማ እያበራሁ "እናቴን ጤናዋን ጠብቅልኝ" ስል የኖርኩት አፈር ለለበሰች ሴት ነው። ምን ይደረጋል። ሳልሰማ በመቆየቴ አሥራ ስምንት ዓመት እናት ነበረችኝ።

ስለ አሮጌው ገንዘባችን መጠየቅህ ግን ገረመኝ። አዎ፣ አለ። ከጦርነቱ ወዲህ ማንም አይገበያይበትም። ጎረቤቴ ሽማግሌው ሲልቨርዮ የዓሣ መረቡ ማስመጫ ክብደት አድርጎታል። ብሪሂዳ የምትባል ወዳጄ ደግሞ በሚወዛወዘው ጠረጴዛዋ እግር ሥር ሁለት ፔሶ ሸጉጣለች። እኔ ዘንድም በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጥቂት አለ። ያ ገንዘብ ለእኛ ለብቻችን የተሠራ ነው። እኛ የነካነው ወደ እናንተ እንዳይሻገር፣ ከወደቡ ወዲያ ቁራጭ ዳቦ እንዳይገዛ ተብሎ ነው የተሠራው። አሁን ማኒላ ላይ ምን ሊያደርግልህ ነው?

እህትህ ኢፒፋንያ፣ ያቺው ፓኒንግ


ማኒላ፣ ኤርሚታ፣ ማርች 22 ቀን 1980

እትዬ ፓኒንግ፣

ሰላምታዬ ከይቅርታዬ ቀድሞ ይድረስሽ፤ ይቅርታዬ ብዙ ስለሆነ ሰላምታው መሃሉ እንዳይጠፋ ብዬ ነው። የእናታችንን ነገር በዚያ ዓይነት መንገሬ አሳፍሮኛል። ማን ይንገራት፣ ማን ይጻፍላት እየተባባልን ሁላችንም ተውነው። አባታችንም አለፈ፣ ታላቃችን ሬሜድዮስም አለፈች። ከእናታችን ማሕፀን የቀረነው እኔና አንቺ ነን።

ወታደሮቹ ወደ ሥጋ ደዌ ደሴቱ ሲወስዱሽ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መልክሽ አይመጣልኝም። የሚመጣልኝ አባታችን ፍራሽሽን ከቤቱ ጀርባ ሲያቃጥለው ነው።

ሱቅ አለኝ። ፊት ለፊቱ ለቱሪስት ዶላርና የን እመነዝራለሁ፤ ከውስጥ ደግሞ የድሮ ሳንቲም እሸጣለሁ። የስፔን ዘመን ብር፣ የአሜሪካ ዘመን ፔሶ፣ በጦርነቱ ጊዜ ባሕር ውስጥ ተጥሎ ጠላቂዎች ያወጡት የጠቆረ ብር፣ ሁሉም ገዢ አለው። ገንዘብ ሁለት ዋጋ አለው፣ እትዬ። አንዱ የሚገበያዩበት ነው፣ ሌላው የሚሰበስቡበት። የመጀመሪያው ሲሞት ነው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው የሚወለደው። የእናንተ ገንዘብ አሁን ከሆንግ ኮንግ ሳይቀር ይፈለጋል።

እባክሽ በአመድም በሎሚም እንዳትፈትጊው። እድፉ ራሱ ዋጋ አለው። የ1913ቱ ቀላሉ ነጩ አሉሚኒየም በመድኃኒት ውሃ እየተነከረ ስለተበሳሳ፣ ያልተበላ ከተገኘ ውድ ነው። የ1920፣ የ1922 እና የ1925 ባለ አንድ ፔሶዎችን አስቀድሚልኝ። 1930 የሚል ካለ አትላኪው፤ ገዢ የለውም። ለአንዱ ፔሶ ሃያ የዛሬ ፔሶ እልክልሻለሁ፤ ለጎረቤቶችሽም እንደዚሁ። በየሳንቲሙ ምን እንደገዛሽበት፣ ማን እንደሰጠሽም ጻፊልኝ። ገዢዎች ታሪክ ይወዳሉ።

ከሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል አለች፤ አሁን ካርቶን ሞልቷታል። አስጠርጌ ጣሪያዋን ላስጠግንና መጥተሽ ከእኛ ጋር ትኖሪያለሽ። ይህ የማይቀር ነው።

ታናሽሽ ዱሎ


ኩሊዮን፣ ሜይ 30 ቀን 1980

ዱሎዬ፣

ስለ ክፍሏ ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፌ ቀሎልኛል። መስኮት ካላት ንገረኝ። ከሌላትም ግድ የለም።

ሳንቲሞቹን ወደ ማኒላ ለሕክምና ከምትሄድ መነኩሲት ጋር ልኬአለሁ። እኔ እንዳልከኝ አልነካሁም። ብሪሂዳ ግን "ቆሻሻ ገንዘብ ለሰው ይላካል እንዴ? ምን ይሉናል?" ብላ የጠረጴዛዋን ሁለት ፔሶ በአመድ ፈትጋ እንደ መስታወት አብለጭልጫ አመጣቻቸው። ልብ አጥቼ ተቀበልኳት። ጠረጴዛዋን አሁን በድንጋይ አቁማዋለች።

ሲልቨርዮ መረቡን እየፈታ "ሃምሳ ዓመት ስሠራ ማንም ሃያ ፔሶ አልሰጠኝም፤ ማስመጫዬ ከእኔ በለጠ" አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣

"ወንድምሽ ነጋዴ ነው አይደል?"

"ነው።"

"ነጋዴ ሃያ የሚሰጠው ስንት ሊያገኝበት ነው?"

"ወንድሜ ነው አልኩህ።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም" አለኝና ሰጠኝ። ሲያጉረመርም ነው የኖረው፣ አትቀየመው።

ታሪክ ላልከው። የ1925ቱ ፔሶ የመጀመሪያ ደሞዜ ነው፤ የቁስል ጨርቅ አጥቤ ያገኘሁት። በወረቀት ጠቅልዬ ለእናታችን ልልከው ወደብ ወሰድኩ። ጸሐፊው ሳይነካው በዱላ ወደ እኔ ገፋውና "ይሄ እዚህ ነው የሚሠራው ልጄ" አለኝ። በሱቁም እንደዚያ ነበር። ባለ ሱቁ ከውጭ የመጣ ጤነኛ ሰው ነው፤ ገንዘባችንን በመቆንጠጫ ይዞ የመድኃኒት ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይጥላል። ሳንቲሙ እስኪነከር ቆመን እንጠብቃለን። ሳርዲንና ቀይ ሪባን ገዛሁ። በሌላ ጊዜ መልሶ እጄ ሲገባ ያንኑ ፔሶ በጠርዙ ጭረት አወቅሁት፤ ከዚያ ወዲያ አላጠፋሁትም።

አሥራ ሦስት ሳንቲሞች ቀርተውኛል፣ እነሱን ግን አልልክም። በ1931 ከሉካስ ጋር ስንጋባ እንደ ደንቡ በቄሱ ፊት እጄ ላይ ያፈሰሰልኝ ናቸው። እንደ እናንተ ወርቅ ወይ ብር ስለሌለን በራሳችን ገንዘብ ተጋባን። በነጭ መሃረብ ቋጥሬ አስቀምጫቸዋለሁ። ሉካስ ካረፈ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው።

ፓኒንግ


ማኒላ፣ ኦገስት 24 ቀን 1980

እትዬ፣

ዝናቡ መንገዱን ሁሉ ባሕር አድርጎት ሳልጽፍልሽ ዘገየሁ። የላክሻቸው ደርሰዋል። ገንዘቡን ለመነኩሲቷ ሰጥቻታለሁ። ትንሽ ቢያንስብሽ ይቅርታ፤ የወዳጅሽን የብሪሂዳን ሁለቱን በግማሽ ዋጋ ነው የያዝኳቸው፣ ተፈትገዋልና። የሲልቨርዮ ግን መልካም ናቸው፤ ባሕሩ የሰጣቸው ቀለም ተወዶላቸዋል።

ክፍሏ መስኮት የላትም፤ ይከፈትላታል። ዝናቡ ያቁምና ጣሪያውን አስጀምራለሁ። ባለቤቴ ኔኒታ ስኳር አለባት፤ ድንገተኛ ነገር አይስማማትም። ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። እስከዚያ በፖስታው ጀርባ ላይ የደሴቲቱን ስም ባትጽፊ ደስ ይለኛል፤ ፖስታ አመላላሹ ለእሷ ነው የሚሰጠው። "ከፓላዋን" ብትዪ ይበቃል። ጠቅላይ ግዛቱ ያው ስለሆነ ውሸትም አይደለም።

ስለ ሠርግሽ ሳንቲሞች የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። አላስገድድሽም። ግን አሥራ ሦስቱ አንድ ላይ፣ ከነመሃረባቸው ከሆነ፣ ዋጋቸው ሌላ ነው። ጣሪያውንም መስኮቱንም መርከብሽንም ይሸፍናል። አስቢበት።

ዱሎ


ፓላዋን፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1980

ዱሎ፣

እንዳልከው "ፓላዋን" ብያለሁ። ቄሱ ፖስታውን ሲያዩ "አድራሻሽን ረሳሽው?" አሉኝ። "ሰፋ አደረግኩት" አልኳቸው።

ብሪሂዳ በኦክቶበር መጨረሻ አረፈች። ግማሽ ዋጋ መሆኑን አልነገርኳትም፤ ከራሴ ሞላሁላት። ያንኑ ገንዘብ ለሬሳ ሣጥኗ አዋልነው።

ሳንቲሞቹን ልኬልሃለሁ። ብዙ አሰብኩበት። ሉካስ ቢኖር "ሽጪያቸው፣ እኔን አይደለም የምትሸጪው" ነበር የሚለኝ፤ እሱ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። እኔም ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ቋጠሮ ከምታቀፍ ከወንድሜ ልጆች ጋር አንድ ገበታ ላይ ብቀመጥ ይሻለኛል አልኩ። መሃረቡም አብሮ አለ። ጥግ ላይ ያለው ቡናማ ነጠብጣብ ዝገት ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።

ከአሥራ ሦስቱ ሁለቱ የ1930 ነበሩ። ገዢ የላቸውም ስላልክ ሲልቨርዮ በሁለት አሮጌዎች ለወጠልኝ። "ወንድምሽን 1930 ምን አድርጎት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። እውነትም አላውቅም።

ለገና ልምጣ? የምበላው ጥቂት ነው። ለዓይን የሚከብደው እጄ ነው እንጂ ፊቴ ደህና ነው፤ ረጅም እጅጌ እለብሳለሁ።

ፓኒንግ


ማኒላ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1981

እትዬ፣

አዲሱ ዓመት በደህና ይግባልሽ። ገናን በተመለከተ አፌ ተሳስሮ ነው መልስ ያልሰጠሁት። የኔኒታ ወንድሞች ከነቤተሰባቸው መጥተው ቤቱ መተንፈሻ አልነበረውም። ለፋሲካ ይሻላል፤ ያኔ ጸጥ ይላል።

ሳንቲሞቹ ተሸጠዋል። የገዛቸው አንድ ጨዋ ሰው ነው፣ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ፤ በክብር ነው የሚያስቀምጣቸው። አራት መቶ ፔሶ በባንክ ልኬልሻለሁ። ጣሪያው ተጀምሯል።

ለኔኒታ ገና አልነገርኳትም። ሰሞኑን ጤናዋ ተዛብቷል።

ዱሎ


ኩሊዮን፣ ጁን 14 ቀን 1981

ዱሎ፣

ፋሲካ አለፈ፣ አልጠየቅኩህም። ዛሬም ስለ ክፍሏ አይደለም የምጽፈው።

ባለፈው ማክሰኞ ከጀልባዋ አንድ ሰው ወረደ፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ። ሲልቨርዮ ወደቡ ላይ መረብ ይጠግን ነበር። ሰውየው ቆብ አውልቆ "አባቴ፣ በ1929 እዚህ የሞተች ኢፒፋንያ ማራሊት የምትባል ልጅ የት ሆና እንደኖረች የሚያሳየኝ ይኖራል?" አለው።

ሲልቨርዮ "መኖሪያዋን አሳይሃለሁ። ለመሞቷ ግን ገና ናት፤ ሩዝ እየለቀመች ነው" አለው።

ወደ ደጄ ይዞት መጣ። ኢንጂነር ኪንታና ነው ስሙ። ጥሩ አነጋገር ያለው ሰው ነው፤ በበሩ ላይ ቆሞ ላቡን ጠረገ፣ እጁን ግን አልዘረጋልኝም። ወንበር ሰጠሁት፤ ቆሞ ይሻለኛል አለ። ከቦርሳው ፎቶ አወጣ። በትውልድ ከተማችን በሌመሪ ያለው የቤተሰባችን መቃብር ነው። የአባታችን ስም፣ የእናታችን ስም፣ ከጎኑ በትንሽ ነጭ ድንጋይ ላይ የእኔ ስም። ሞተች የሚል ዓመትም አለበት። የሞትኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው ለካ።

"ሳንቲሞቿን የሸጠልኝ ታናሽ ወንድሟ ነው" አለ። "ታጭታ ነበር፤ ለሠርጓ አሥራ ሦስት ሳንቲም ስታጠራቅም፣ አሥራ ሦስተኛውን ባገኘች ሳምንት ሞተች ብሎ ነገረኝ። መሃረቡ ላይ ያለው ደሟ ነው አለኝ።"

"ዝገት ነው" አልኩት። "ሠርጉም ተደርጓል። ሃያ ሰባት ዓመት በትዳር ኖሬያለሁ።"

ምን ያህል እንደከፈለህ ጠየቅኩት። ዘጠኝ ሺህ አለኝ። ሲልቨርዮ ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁት።

ሰውየው እንደ መቆጣትም እንደ ማፈርም አደረገው። "እባክዎ አይቀየሙኝ እናቴ፣ በሕይወት መኖርዎ ደስ ይለኛል። ግን ከሕያው ሰው እጅ የመጣ ሳንቲም ሌላ ነገር ነው። እንዲህማ ቢሆን ተራ ዋጋውን ነበር የምከፍለው" አለኝ። በመስታወት ሣጥን፣ ከታሪኬ ጋር አስቀምጦኝ ነበር። አሁን ምን ላድርገው ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

ሲልቨርዮ "የእኔንስ በስንት ትገዛኛለህ? እኔ እንኳ በቅርቡ ነው የምሞተው" አለው። አልሳቀም። እኛም አልሳቅንም።

ከሄደ በኋላ ሲልቨርዮ "1930 ገባኝ" አለኝ። "በ1929 የሞተች ልጅ በ1930 የተቀረጸ ሳንቲም አይኖራትም።" ከዚያ መረቡን ሊጠግን ሄደ፤ ቢሰድብህ ይሻለኝ ነበር። ማምሻውን ሳንቲማቸውን ወደ ሰጡኝ ሰዎች ቤት እየዞርኩ ስንት እንደተሸጠ ነገርኳቸው። አንዷ "ወንድምሽ ነው አይደል ያልሽን?" አለችኝ። አዎ፣ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ድንጋዩን ማን አቆመው?

ኢፒፋንያ


ማኒላ፣ ጁላይ 5 ቀን 1981

እትዬ፣

ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ይኸኛውን ሳልጨርሰው እንዳልቀደው ፈጥኜ እጽፋለሁ።

ድንጋዩን ያቆመው አባታችን ነው። ሬሜድዮስ ልታገባ ስትል የሙሽራው ቤተሰብ ስለ አንቺ ሰማ። ቁምጥና ካለበት ቤት አንጋባም አሉ። አባታችን "ሞታለች" አለ፤ ዘጠኝ ቀን ጸሎት አደረገ፣ ድንጋይ አስቀረጸ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሻማ ይዤ ቆምኩ። ሲነግሩኝ አምኜ ነበር። በኋላ ነው፣ ድኛለሁ ብለሽ የጻፍሽውን ደብዳቤ አባታችን ሲያነብ ያየሁት። እናታችን አጠገቡ ነበረች፤ ተነሥታ ወደ ማድቤት ሄደች።

እኔ ለኢንጂነሩ የነገርኩት ድንጋዩ ላይ ያለውን ነው። ትንሽ ጨመርኩበት፤ ነጋዴ ነኝ። ልጄ ገና ሥራ ጀማሪ ነው፣ ሱቁ በብድር ነው የቆመው። ኔኒታ በየሙታን ቀኑ አበባ ታስቀምጥልሻለች፣ ልጆቼም አክስታችን እያሉ ይጸልዩልሻል። በስምሽ የተሰየመች የልጅ ልጅ አለችኝ። ከዚህ በላይ ማን የተወደደ አለ? አሁን ሕያው ናት ብል ሚስቴን "ሠላሳ ዓመት ዋሽቼሻለሁ" ማለቴ ነው።

ኢንጂነሩ ገንዘቡን ካልመለስክ ለሰብሳቢዎቹ ማኅበር እነግርብሃለሁ ብሎኛል። እትዬ፣ አንድ መስመር ጻፊለት። የአጎት ልጅ ነኝ፣ ስማችን አንድ ሆኖ ነው፣ እውነተኛዋ በ1929 ሞታለች በዪው። ለጎረቤቶችሽ የቀረውን ዋጋ እሞላለሁ። ላንቺም እጥፍ አደርገዋለሁ።

ደግሞ ሳስበው፣ በዚህ ነገር ማን ተጎዳ?

ዱሎ


ኩሊዮን፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1981

ዱሎ፣

ለኢንጂነሩ አልጽፍለትም። ሞቻለሁ ብዬ በራሴ እጅ እንድጽፍ የጠየቅከኝ ባለችኝ ሁለት ጣት መሆኑን አስበኸዋል?

እናታችን ተነሥታ ወደ ማድቤት መሄዷን ስለነገርከኝ ግን አመሰግንሃለሁ። ከላክህልኝ ነገር ሁሉ እሱን ነው የያዝኩት።

በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ለሙታን ቀን፣ ሌመሪ እመጣለሁ። እንዳትደነግጥ አስቀድሜ ጻፍኩልህ። ቡናማ ቀሚስ ለብሼ ጥቁር ጃንጥላ ይዤ በድንጋዩ አጠገብ እቀመጣለሁ። አላስቸግርም፣ ቤት አስገቡኝም አልልም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሰዎችህ ፊት፣ "እህቴ ናት" እንድትለኝ ነው። ኔኒታን እስከዚያ ንገራት፤ ወር አለህ። ኢንጂነሩ ሳንቲሞቹን ከመለሰልህም ይዘህልኝ ና።

ኢፒፋንያ


ቴሌግራም፣ ማኒላ፣ ኦክቶበር 29 ቀን 1981

አሁን አትምጪ። ደብዳቤ እጽፋለሁ። ዱሎ


ኩሊዮን፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1981

ዱሎ፣

ቴሌግራምህ የደረሰው እኔ መርከብ ላይ ሳለሁ ነው፤ ስመለስ ከቄሱ ተቀበልኩት። ቃልህን ንቄ እንደመጣሁ አትቁጠርብኝ። በጊዜው ቢደርሰኝም ግን እመጣ ነበር።

አንተ ራስህ የነበርክበትን መልሼ ለምን እንደምጽፍልህ አላውቅም። እዚያ ስላልተነጋገርን ይሆናል።

ጠዋት ገና ሰው ሳይበዛ ነው የደረስኩት። ድንጋዩን በኖራ አዲስ ቀብታችሁታል። ትንሽ ናት፤ በፎቶው ትልቅ መስላኝ ነበር። ለእናታችን ሻማ አበራሁ። አጠገቧ ተቀምጬ በዝርዝር አወራኋት፤ ስለ ሉካስ፣ ስለ ብሪሂዳ፣ ሁሉንም። ያሰብኩትን ያህል አላለቀስኩም።

ከዚያ መጣችሁ። በአካሄድህ አወቅሁህ፤ የአባታችን አካሄድ ነው። ሚስትህ ናት ቀድማ ያየችኝ። "እናቴ፣ ፀሐይ ላይ ነዎት፤ ወደ ጥላው ጠጋ ይበሉ" አለችኝ። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጣፋጭ ሩዝ ሰጠችኝ። እጄን አየችው፤ አይታም ቅጠሉን ራሷ ፈታችልኝ። ጥሩ ሴት ነው ያገባኸው። ከዚያ ስሜ ላይ አበባ አስቀምጣ አማተበች። ትንሿ ልጅ፣ የስሜ ወራሽ መሰለችኝ፣ የድንጋዩን ፊደል በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

ሚስትህ "እዚህ ማን አለዎት እናቴ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ወደ አንተ አየሁ። ሻማ ትለኩስ ነበር፤ ክብሪቱ ደጋግሞ ጠፋብህ። አልነገርካትም ነበር። ልነግራት እችል ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንተ ትናገር ብዬ ጠበቅኩህ። ስትቆይ "አንዲት የማውቃት ልጅ አለች" አልኳት።

"ነፍሷን ይማርልዎ" አለችኝ።

ያን ጊዜ ተነሥተህ መጣህ። ኪስህ ገባህ። ሳንቲሞቼን ይዘህልኝ መጣህ ብዬ ነበር፤ እንዲህ ሞኝ ነኝ። አንድ ፔሶ አወጣህ፣ የዛሬውን። መዳፌ ላይ አስቀመጥከው፤ ጣትህ እንዳይነካኝ ከፍ አድርገህ ነው የለቀቅኸው። "ይያዙ እናቴ፣ ለመሳፈሪያ ይሆንዎታል" አልከኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በደብዳቤ አንቺ ስትለኝ ኖረህ፣ ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ አልከኝ። የልጅ ልጆችህ አያታቸው ለምስኪን ሲመጸውት አዩ፤ ትንሿ ደስ ብሏት ሳቀችልኝ። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩህ። ሌላ ምን እላለሁ። ሩዙን ጨርሼ፣ ጃንጥላዬን አንሥቼ ሄድኩ። ከኋላዬ ማንም አልጠራኝም።

ሲልቨርዮና ሌሎቹ የቀራቸውን ሳንቲም ለኢንጂነሩ በቀጥታ መሸጥ ጀምረዋል። እኔ የምልከው የለኝም። ኔኒታን ስለ ሩዙ ሰላም በልልኝ፤ ማን እንዳለህ ብትጠይቅህ የምትመልሰውን አንተ ታውቃለህ።

ከመቃብሩ በር ላይ የሕዝብ ማመላለሻ ጂፕኒ ተሳፈርኩ። ሰው ሞልቶ ነበርና ከኋላ ጫፍ ተቀመጥኩ። ያንተን ፔሶ አቀበልኩ። አንዲት ተማሪ ከመዳፌ ላይ ተቀበለችኝ፣ ለአንድ ዓሣ ነጋዴ ሰጠችው፣ ዓሣ ነጋዴው ለአንድ ወታደር፣ ወታደሩ ለሾፌሩ። ማንም አገላብጦ አላየውም፣ ማንም እጁን አልጠረገም። ሾፌሩ ሳይዞር "መልስ" ብሎ ጮኸ፤ ሳንቲሞቹ በዚያው በእነዚያ እጆች እየተላለፉ ወደ እኔ ተመለሱ።

ኢፒፋንያ ማራሊት